የደፈንኳቸው ስድስት ሰረዞች

ጡረታ የወጣሁ ቀን ጋቢ አለበሱኝና «ጥቂት ቃል ተናገርልን» አሉኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «አንተን ማን ጠየቀህ?» ሲሉኝ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ማይኩን ያዝኩ፣ «አመሰግናለሁ» አልኩ፣ ተቀመጥኩ። አጨበጨቡ። ለስላሳ ተከፈተ። አንዱ ወጣት መምህር ጆሮዬ ሥር መጥቶ «ጋሼ ዳና፣ ምነው አጠረ? እኛ እኮ የማሽኑን ታሪክ ጠብቀን ነበር» አለኝ። የማሽኑ ታሪክ! ማሽኑን ቆራሌው ወስዶታል፤ ክፍሉም የተሰበረ ዴስክ ማጎሪያ ሆኗል። ዛሬ መምህሩ ፈተናውን በስልኩ ይልካል፣ ፎቶ ኮፒው ይተፋዋል፣ የማንንም እጅ ቀለም አይነካም።

ታሪክ ከተፈለገ ግን አለ። ማይክ ላይ የሚነገር አይደለም እንጂ።

ሥራ የጀመርኩት ወላይታ፣ ሻንቶ ነው፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበርኩ። ደሞዜን የምፈርመው በአውራ ጣቴ ነው። ሐምራዊው ቀለም ሦስት ቀን አይለቅም፤ ገበያ ስወጣ እጄን ኪሴ እከት ነበር። የሻንቶው ዳይሬክተር ትንሽ ቁመት፣ ትልቅ ፊሽካ ያለው ሰው ነው። አንድ ቀን የታሸገ ደብዳቤ ሰጠኝና «ለወረዳ አድርስ፣ እንዳይበሰብስ» አለኝ። ዝናብ ነበር። በፕላስቲክ ጠቅልዬ፣ ደረቴ ውስጥ ከትቼ፣ በእግሬ አደረስኩት። ደብዳቤው ስለ እኔ ኖሯል፤ «በሥራ ሰዓት ተኝቶ ስለተገኘ እንዲቀጣ» ይላል። የራሴን ክስ እንዳይርስ ተጠንቅቄ ያደረስኩ ሰው ነኝ። ያነበበልኝ የወረዳው ጸሐፊ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

ቅጣቱ ወደ ቦዲቲ መዛወር ሆነ። እዚያ ተላላኪ ሆኜ ሁለት ዓመት ደወል መታሁ፣ ጠመኔ አደልኩ፤ የሚወራ ነገር የለውም። ከዚያ ሶዶ፣ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል የሚያስተምር ትምህርት ቤት ተመደብኩ።

እዚያ ማባዣ ክፍሉ ውስጥ ያስገቡኝ ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው የስምንተኛ ክፍል ፈተና አውጥቶ ለተማሪ ሰጥቶ ተባረረ። ዳይሬክተሩ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ «ማንበብ የማይችል ማነው?» አለ። እጅ የሚያወጣ ጠፋ። ሰዎቹ ወደ እኔ ዞሩ።

«ዳና ነው» አለች የጽዳቷ ሠራተኛ።

«በጣም ጥሩ» አለ ዳይሬክተሩ። «የማያነብ ሰው ፈተና አይሸጥም። ከነገ ጀምሮ ማሽኑን አንተ ታዞራለህ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ባለማወቄ ሹመት አገኘሁ። ደሞዜም በትንሹ ከፍ አለ። ኮንትራቴ ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ያየሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ማንበብ የማይችል ስለሆነ ለምስጢር ሥራው ተስማሚ ነው ይላል።

ክፍሉ ውስጥ እትዬ አማረች ነበሩ። ታይፒስት ናቸው። ሰው የማያሞግሱ፣ ሰው የማያሙ ሴት። ስቴንስሉን የሚመቱት እሳቸው፣ የማባዛው እኔ። ለማያውቅ ሰው ልንገር፦ ስቴንስል ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ነው። የታይፑ ፊደል ሲመታው ሰሙ ይቀደዳል። ማሽኑ ላይ ስትጠመጥመውና መያዣውን ስታዞረው፣ ቀለሙ በተቀደደው በኩል ወጥቶ ወረቀት ላይ ፊደል ይሆናል። የተቀደደ ሁሉ ይታተማል፤ ፊደልም ይሁን ጭረት ማሽኑ አይለይም። ስለዚህ ያልተፈለገውን ቀዳዳ በትንሽ ብሩሽ ቀይ ማረሚያ ቀለም ነክረህ ትደፍነዋለህ፣ እፍ ትላለህ፣ እስኪደርቅ ትጠብቃለህ። ወረቀቱም ቢሆን ዝም ብሎ አይጫንም። አምስት መቶ ቅጠል፣ እኛ ደስታ የምንለውን፣ ከጥቅሉ አውጥተህ እንደ ዶሮ ላባ በአውራ ጣት ካላራገብከው ተጣብቆ ሁለት ሁለት ይገባል። ያን ጊዜ አንዱ ተማሪ ባዶ ገጽ ይደርሰዋል። ባዶ ገጽ የደረሰው የገጠር ልጅ ደግሞ አይናገርም፤ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል።

እትዬ አማረች ስቴንስል ሲመረምሩ መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይወለውሉና መስኮቱ ላይ ይለጥፉታል። ብርሃን በፊደሎቹ ያልፋል። ከዚያ ማስመሪያ ይዘው ከመጨረሻው መስመር ወደ ላይ ያነባሉ። «ከላይ ካነበብከው ዓይንህ የለመደውን ያያል። ከታች ካነበብከው ያለውን ያያል» ይሉ ነበር። ሲጨርሱ ጥጉ ላይ በመርፌ ሁለት ፊደል ይወጋሉ፤ የስማቸው መጀመሪያ ነው። ያ ምልክት ሳይኖር ማሽን ላይ የወጣ ነገር የለም። ምግብ ወደ ክፍሉ አያስገቡም። አንድ ቀን ዳጣ በርበሬ የነካካ እጄን ሳልታጠብ ወረቀት ብይዝ ሙሉውን ደስታ እያገላበጡ አስፈተሹኝ።

በስድስተኛው ወር ገደማ አንድ የእንግሊዝኛ ፈተና ገልብጬ፣ ከግርጌው ወደ ራስጌው፣ ሁለት መቶ ቅጠል አተምኩ። አዩት። ከዚያ በሩን ዘጉና «ዕውር ሰው ማሽኔን ሲያዞር አልወድም። ተቀመጥ» አሉኝ።

«ዳይሬክተሩ ቢሰማስ?»

«አንተ ካልነገርከው ማን ይነግረዋል?»

ፊደል የቆጠርኩት በዚያ ክፍል ነው፣ በአርባ አራት ዓመቴ፣ በምሳ ሰዓት፣ በተበላሸ የፈተና ወረቀት ጀርባና ፊት። መጀመሪያ አማርኛውን፣ ከዚያ እንግሊዝኛውን። ሌላ መጽሐፍ አልነበረንም። ስለዚህ እኔ ዓለም ላይ ያሉትን ትእዛዞች በሙሉ አውቃለሁ፤ ምረጥ፣ አዛምድ፣ ባዶውን ሙላ፣ ምንባቡን አንብበህ መልስ። መልስ የሚባል ነገር ግን አልተማርኩም፤ መልሱ መምህሩ ጋ ነው የሚቀመጠው። አንብቦ መጨረስ የማይችል ሰው እንዳልባል አንድ ጊዜ ስለ አንዲት ዝሆን የሚያወራ የሰባተኛ ክፍል ምንባብ ሦስት ሳምንት አነበብኩ። ዝሆኗ ምን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሁለተኛው ገጽ አልተበላሸም ነበር።

ልጆቹ ምን እንደሚማሩ ያየሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ቤቱ ወላይትኛ፣ ገበያው አማርኛ፣ ሰባተኛ ክፍል ሲገባ ደግሞ ሂሳቡ በእንግሊዝኛ። ገበያ ላይ እናቱን ማንም እንዳያታልልበት የሚቆጥር ልጅ፣ ክፍል ውስጥ ጥያቄው ራሱ ምን እንደሚል አይገባውም። ቁጥሩ አይደለም የሚጥለው፤ ከቁጥሩ በላይ ያለችው አንዲት መስመር ናት። ይህን ለዳይሬክተር መናገር አልችልም። እኔ የማላነብ ነኛ።

አስቴርን ያወቅኋት በዚህ ነው። አባቷ አቶ ባሳ፣ ተበላ በምትባል ከተማ አካባቢ በቆሎና ሙዝ የሚያለማ ገበሬ ነው፤ እሷ ሶዶ አክስቷ ቤት ተጠግታ ትማራለች። ሰባተኛን እየደገመች ነበር። አባቷ «ዘንድሮ ከወደቅሽ ይበቃል፣ አዲስ አበባ ሰው ቤት ትገቢያለሽ» ብሏታል። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፣ የማባዣ ክፍሉ መስኮት ሥር ቁጭ ብላ ስታጠና። እየሳቀች ነው የነገረችኝ። ሳቋ አላማረኝም።

አንድ ቀን «ጋሼ፣ ‹ሲምፕሊፋይ› ምንድነው?» አለችኝ።

ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን በሕይወቴ የተማረ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። «አሳጥሪው ማለት ነው» አልኳት።

«ይኸው ብቻ? እኔ እኮ አንዳች ከባድ ነገር መስሎኝ ዘልዬው ነው ያለፍኩት!» ብላ ሠራችው። ሲያዩት ደስ ይላል። ከዚያ በኋላ እየመጣች ትጠይቀኛለች፣ እኔም ቀስ ብዬ እነግራታለሁ። ማንበቤን ከእትዬ አማረች ሌላ የምታውቅ እሷ ብቻ ሆነች።

ሰኔ መጣ። መምህር ዳዊት የሚባለው የሂሳብ አስተማሪ የሰባተኛ ክፍልን ፈተና በመጨረሻው ቀን አመጣ። እትዬ አማረች እየመቱ ሳለ ቦዲቲ ያለች አክስታቸው ማረፏን የሚነግር ሰው መጣ። ሥራቸውን አላቋረጡም። እንባቸውን እየጠረጉ መቱ፣ መስኮቱ ላይ ለጠፉ፣ ከታች ወደ ላይ አነበቡ፣ ጥጉን ወጉ። ከዚያ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። «አይቼዋለሁ። ቀለም ሙላና አዙር። ሌላ ነገር እንዳትነካ» ብለውኝ ወደ ለቅሶው ሄዱ።

እኔ ነካሁ።

ታይፑ አንድ ዓመል ነበረው። የሰረዟ ጣት ላልታ ነበር፤ እትዬ አማረች መስመር ሲመልሱ አንዳንዴ ራሷ ትመታና መስመሩ መነሻ ላይ ትንሽ ጭረት ትተዋለች። እሳቸው ሁልጊዜ ያዩዋትና በቀይ ቀለም ይደፍኗታል። መቶ ጊዜ አይቻቸዋለሁ። በዚያ ቀን ስቴንስሉን እንደሳቸው መስኮቱ ላይ ለጠፍኩ። ሂሳብ ማንበብ ገና መጀመሬ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ጥያቄዎች መነሻ ላይ፣ ከቁጥሩ በፊት፣ ሰረዝ አለ። ሰረዝ፣ ከዚያ ሰባት፣ ሲደመር ሦስት። በሁለት ቁጥር መሃል ያለ ሰረዝ መቀነስ መሆኑን አውቃለሁ። ከፊቱ ምንም የሌለው ሰረዝ ግን ከምን ላይ ነው የሚቀንሰው? ባዶ እጅ ላይ ምን ይወሰዳል? ታይፑ ነው አልኩ። እያለቀሱ ስለነበር አላዩትም አልኩ።

ብሩሹን አነሳሁ። ስድስቱንም ደፈንኩ። እፍ አልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን አልደብቅም። ዛሬ እኔ እሳቸውን አረምኩ ብዬ እያፏጨሁ ነው ሦስት መቶውን ያዞርኩት።

ተፈተኑ። ታረመ። መምህሮቹ ተከፋፍለው መልሱን ብቻ እያዩ ነበር የሚያርሙት። መምህር ዳዊት ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ «እነዚህ ልጆች ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር ጭራሽ አልገባቸውም፤ ስድስቱንም ሁሉም ሳተ» ሲል ሰማሁት። ሌላው «ዋና ነገር አይደለም፣ ለገበያ አይጠቅማቸውም» አለው፤ ተሳሳቁ። እኔ ሻይ እያመላለስኩ ነው። ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር ማለት ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ አልጠየቅሁም።

ካርድ በተሰጠ ማግስት አስቴር መጣች። የታረመውን ወረቀት ይዛለች። በእንግሊዝኛ ወድቃለች፤ ሂሳቡን ብታልፍ ትዛወር ነበር፣ አርባ ስድስት አመጣች። ሁለት ትምህርት መውደቅ መድገም ነው፤ ለሷ ደግሞ መድገም ማለት አዲስ አበባ ነው።

«ጋሼ ዳና፣ እየው እስኪ። ሰባትና ሦስት አሥር አይደል?»

«አሥር ነው።»

«ኤክስ አደረገብኝ። ጠየቅሁት። ‹ሰረዙ አይታይሽም? ኔጌቲቭ ነው› አለኝ። የት አለ ሰረዝ? ወረቀቱን ላሳየው ስል ስብሰባ ገባ።»

ወረቀቱን አየሁ። ሰረዝ የለም። ሰረዙ የት እንዳለ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ሳጥን ውስጥ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለው ስቴንስል ላይ፣ በቀይ ቀለም ሥር።

«አንተ ሄደህ ንገርልኝ» አለች። «ያባዛኸው አንተ ነህ፣ ታነበዋለህ። እኔን አያዳምጡኝም። ትልቅ ሰውን ያዳምጣሉ።»

የዚያን ጊዜ ያሰብኩትን በግልጽ ልጻፍ። አነባለሁ ካልኩ ከክፍሉ እወጣለሁ። ደፈንኩ ካልኩ ከሥራ እወጣለሁ። በማባዣ ሥራው ቋሚ ልሆን አንድ ወር ቀርቶኛል። እትዬ አማረችም አስተማሩት ተብለው ይጠየቃሉ። ይህን ሁሉ አሰብኩ፤ እሷን ግን ከመጨረሻ ነው ያሰብኳት።

«እኔ ማንበብ አልችልም» አልኳት።

አየችኝ። «‹ሲምፕሊፋይ›ን ማን ነገረኝ?»

«ሰው ሲል ሰምቼ ነው።»

«ጋሼ…»

«የተፈተነ ፈተና አልቋል። ሂጂ።»

ወረቀቱን አጣጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ስትወጣ ስቴንስሉን ከሳጥኑ አውጥቼ ከጓሮ አቃጠልኩት። ያገለገለ ስቴንስል ማቃጠል ደንብ ነው፤ ያን ቀን ደንብ አክባሪ ሆንኩ። በሐምሌ አስቴር አዲስ አበባ ሄደች።

መስከረም ላይ መምህር ዳዊት የድሮ ፈተናዎችን ለማኅደር ሲያደራጅ የራሱን የእጅ ጽሑፍና የታተመውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ጮኸ። ለሁሉም ተማሪ ስድስት ማርክ ይጨመር ተባለ። ሮስተሩ፣ የውጤት መዝገቡ፣ ታረመ። ከዚያ ጥፋተኛ ተፈለገ፣ የእትዬ አማረች ምልክት ደግሞ በታተመው ወረቀት ሁሉ ጥግ ላይ ነበር። ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው። ደብዳቤውን የመቱትም እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ሌላ ታይፒስት አልነበረም። ሲመቱ ፊታቸውን አየሁ፤ እንደማንኛውም ደብዳቤ ነው የመቱት። ሲጨርሱም መስኮቱ ጋ ሄደው ከታች ወደ ላይ አነበቡት።

«ስቴንስሉ የት አለ?» አሉኝ።

«አቃጠልኩት።»

«እኔ ሰረዙን መትቻለሁ።»

ወረቀት ማራገብ ጀመርኩ። እጄን አዩት። ማረሚያው ቀለም ከጥፍሬ ሥር ከለቀቀ ወራት አልፎታል፤ እሳቸው ግን ያዩት ይመስለኛል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የተበላሸ ወረቀት አልሰጡኝም። የምሳ ሰዓት ትምህርቱ ቀረ። ሦስት ዓመት አብረን ሠራን፤ «ቀለም ሙላ»፣ «አራግበው»፣ «በቃ»። ጡረታ ወጡ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አረፉ። ለቅሷቸው ላይ ተገኝቻለሁ። ለሞተ ሰው መናዘዝ ቀላል ነው፤ እኔ ለሳቸው እሱንም አላደረግሁም።

በዚያው መስከረም የታረመው ሮስተር ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። አስቴር ባሳ፣ ሂሳብ ሃምሳ ሁለት፣ ተዛውራለች። ምዝገባው ዓርብ ያልቃል። ያን ዕለት በሚኒባስ ተበላ ወረድኩ፤ የገበያ ቀን ስለነበር አቶ ባሳን ሙዝ ሲሸጥ አገኘሁት።

«ሳሮ» ብዬ በወላይትኛ ሰላም አልኩት። «ልጅህ አልፋለች።»

«የቷ ልጄ?»

«አስቴር።»

«መቼ?»

«ሰኔ ላይ።»

«ሰኔ ላይማ ወድቃለች። ካርዷን ሰው አንብቦልኛል።»

«ካርዱ ተሳስቶ ነው። ያኔም አልፋ ነበር።»

ሙዙን አስቀመጠ። ረጅም ሰው ነው፤ አጎንብሶ ዓይኔን አየኝ። «አልፋ ከነበረ» አለ በወላይትኛ፣ ቀስ ብሎ፣ «እኔ ለምን ላክኋት?»

ስልክ ነበረው። የገባችበት ቤት ቁጥር ላይ ደወለ፤ ሴትየዋ አነሳች፣ ከስንት ልመና በኋላ አስቴርን ሰጠችን። አባቷ ሁለት ቃል ተናግሮ ስልኩን ለኔ ሰጠኝ።

«አልፈሻል» አልኳት። «ሃምሳ ሁለት። ዓርብ ምዝገባ ያልቃል፤ ነይ።»

የሆነ ሰው ከጀርባዋ ሳህን ያስቀምጣል።

«የቤቱ እትዬ ለጊፋታ እንኳ አልለቅሽም ብላኛለች። እህቷ ትሞሸራለች፣ ሥራ አለ።»

አባቷ አጠገቤ ቆሞ ሰማ። ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ ልጅ ያልመጣለት የወላይታ አባት ምን እንደሚመስል ለአገሬ ሰው አልነግርም።

«ጋሼ ዳና?»

«አቤት።»

«ሰረዙ ጠፍቶ ነበር አይደል?»

«ጠፍቶ ነበር።»

«ማን ነው የተሳሳተው?»

አባቷ ያየኛል። ገበያው ይጮኻል። አንድ ቃል ነበር የሚፈለግብኝ፤ አጭር፣ ሰባተኛ ክፍል እንኳ የማያስፈልገው።

«ማሽኑ» አልኳት።

«እሺ ጋሼ» አለች። «ልዝጋው፣ እየተጠራሁ ነው።»

በዚያ ዓመት አልመጣችም። በሚቀጥለውም። ሪከርድ ክፍሉ በስሟ ትይዩ «አቋርጣለች» ብሎ ጻፈ። ዛሬ ሠላሳ ልትደፍን ነው፤ የት እንዳለች አባቷም በደንብ አይነግረኝም፣ እኔም አጥብቄ አልጠይቅም።

እንግዲህ ጋቢ ያለበሳችሁኝ ሰዎች፣ የማሽኑ ታሪክ ይኸው ነው። ማሽኑ አልተሳሳተም፤ የሰጠሁትን ሦስት መቶ ጊዜ አተመ። አስቴርም አልተሳሳተችም። ወረቀቷ ላይ የነበረው ሰባት ሲደመር ሦስት ነው፤ አሥር ብላ መለሰች። ልክ ነበረች።